ቡድሃ ቡፌ ላይ ሲወጣ፦ ጌጥ ነው ወይስ የሰው እምነት?

አንድ ጉዳይ እናስብ። አዲስ ጎጆ የወጣች ወጣት ለሳሎኗ የሚሆን ጌጥ ፍለጋ ወደ አንድ የቤት ማስዋቢያ ሱቅ ጎራ ትላለች። መደርደሪያው ላይ ዓይኑን የከደነ፣ ፀጉሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ ጆሮው የረዘመ፣ ወርቅ ቅብ የሆነ የሰው ራስ ታያለች። ደስ ይላታል። ሻጩም ልቧ እንደሸፈተ ካወቀ በኋላ ዕቃው ለቤት ሰላም እንደሚያመጣ፣ ሀብትም እንደሚጠራ ይነግራታል። ዋጋ ተከራክራ፣ ጥቂት አስቀንሳ፣ ይዛው ትሄዳለች።

ሳምንት ሳይሞላ የንስሐ አባቷ አዲሱን ቤት ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ጸሎቱን አድርሰው፣ ጠበሉን ረጭተው፣ መስቀል አሳልመው ሊቀመጡ ሲሉ ዓይናቸው ቡፌው ላይ ያርፋል። ማን እንደሆነና ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ይጠይቋታል። እሷም ሻጩ የነገራትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለች። በማግስቱ ጠዋት ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው። ገንዘቧ እንዲመለስላት ትጠይቃለች።

ታሪኩ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ጉዳዩ ግን ከገበያ የራቀ አይደለም። የእኛ ነጋዴዎች ከሚሸምቱባቸው ከጓንዡ፣ ከዪዉና ከዱባይ ገበያዎች የቤት ማስዋቢያ የሚጭን ሰው ኮንቴይነሩ ውስጥ የሌሎች ሃይማኖቶች ምልክቶች አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ገዢው ክርስቲያን ነው፣ ሻጩ ሙስሊም ወይም ክርስቲያን ነው፣ ዕቃው ደግሞ የቡድሂስት ወይም የሂንዱ ነው። ታዲያ ዕቃው ሲመለስ ኪሳራው የማን ነው? ጥፋቱስ የማን ነበር? በዚህ ሳምንት የገበያ ገጻችን የሚመለከተው ይህንን ነው።

ዕቃው ማን ነው?

ብዙ ሻጮች የሚሸጡትን ዕቃ ስም አያውቁም። ቡና ነጋዴ ሲዳማውን ከሐረሩ ሳይለይ እንደማይነግድ ሁሉ የጌጥ ነጋዴም ምን እንደያዘ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። ቡድሃ እና በእኛ አገር ዓይኑና ልክፍቱ የሚፈራው ቡዳ በድምፅ ይመሳሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ቡድሃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰሜን ህንድና በኔፓል አካባቢ የኖረው የሲድሃርታ ጋውታማ መጠሪያ ሲሆን ትርጉሙ የነቃ ማለት ነው። የቀጭኑ፣ ዓይኑን የከደነው፣ ፀጥ ያለው ምስል የእርሱ ነው።

ሆዱን ገልብጦ የሚስቀው ወፍራም ሰውዬ ግን ሌላ ነው። ቡዳይ ይባላል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በቻይና እንደኖረ የሚነገርለት መነኩሴ ሲሆን ስሙ የጨርቅ ከረጢት ማለት ነው። ቻይናውያን ወደፊት ይመጣል የሚሉት ቡድሃ በእርሱ እንደተገለጠ ስለሚያምኑ በቤተ መቅደሶቻቸው መግቢያ ያስቀምጡታል። ብዙ ሱቆች ሁለቱን በአንድ ስም ይሸጧቸዋል።

ነጭ ልብስ የለበሰችው ርኅሩኅ ሴት ጉዋንዪን ናት፤ በቻይና ቡድሂስቶች ዘንድ የምሕረት ምልክት ናት። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ የሂንዱዎች አምላክ ነው። እንቅፋት ያስወግዳል ተብሎ ስለሚታመን የህንድ ነጋዴ አዲስ ሱቅ ሲከፍት ወይም አዲስ የሒሳብ መዝገብ ሲጀምር ስሙን ያነሣል። መካከሏ ላይ ዓይን ያለባት የእጅ መዳፍ ደግሞ በሙስሊሞች ዘንድ የፋጢማ እጅ፣ በአይሁድ ዘንድ የማርያም፣ ማለትም የሙሴ እኅት እጅ ትባላለች። ሰማያዊዋ የመስታወት ዓይን የቱርክ ናት፤ በኢዝሚር ከተማ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች በእሳት ምድጃ ትሠራለች። ሥራዋም ክፉ ዓይንን መመለስ ነው። እንግዲህ ቡዳን ለመከላከል የተሠራችው እርሷ ናት ማለት ነው።

ራሱ ብቻ የሚሸጠው ለምንድን ነው?

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በገበያው ላይ በብዛት የሚታየው የቡድሃ ሙሉ ምስል ሳይሆን ራሱ ነው። ቡድሂስቱ ግን ራሱ ብቻውን እንዲሠራ አላዘዘም። ይህ መልክ የመጣው ከዝርፊያ ነው።

በኢንዶኔዥያ የሚገኘው ቦሮቡዱር የተባለው ጥንታዊ መቅደስ ሲሠራ 504 የቡድሃ ምስሎች ነበሩት። ዛሬ ከ300 የሚበልጡት የተጎዱ ሲሆን አብዛኞቹ ራስ የላቸውም። 43ቱ ደግሞ ጨርሶ የሉም። በካምቦዲያው አንግኮርና በታይላንዱ አዩታያም ራሳቸው የተቆረጠ ብዙ ምስሎች ይታያሉ። ዘራፊው ሙሉውን ድንጋይ መሸከም ስለማይችል የሚሸከመውንና ፈጥኖ የሚሸጠውን ቆርጦ ወሰደ። የተቆረጠው ራስ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞችና በሀብታም ሳሎኖች በእንጨት መቆሚያ ላይ ተተከለ። ዓይን የለመደውን ይወዳልና ፋብሪካዎችም በኋላ ያንኑ መልክ መቅዳት ጀመሩ። ዛሬ አንድ ታይላንዳዊ የቡድሃን ራስ በሱቅ መደርደሪያ ሲያይ የሚሰማው ስሜት አንገቱ የተቆረጠ የአባት ፎቶግራፍ እንደማየት ያለ ነው።

ምስሉ ከሙዚየም ወደ ተራው ሰው ቤት የወረደው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ ቡድሃ ባር የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። አዳራሹ መካከል ግዙፍ የቡድሃ ምስል አስቀምጦ፣ መብራቱን አደብዝዞ፣ ሙዚቃ እያሰማ እራት ይሸጥ ጀመር። ስሙ ተስፋፍቶ በዱባይ ጭምር ቅርንጫፍ አገኘ። በኔዘርላንድስና በጀርመን የአትክልትና የአበባ መሸጫዎችም ቡድሃን ከአበባ ማሰሮ ጎን መደርደር ልማድ አደረጉ። ገዢዎቹ ቡድሂስቶች አይደሉም። ብዙዎቹ በክርስትና የተጠመቁ፣ ገናንና ፋሲካን የሚያከብሩ ቤተሰቦች ናቸው። የገዙት እምነቱን ሳይሆን ፀጥታውን ነው። በሥራ የደከመ ሰው ፊቱ የማይደክም ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ፈለገ ብንል ያስኬዳል።

ከየት ይመጣል? ዋጋውስ?

በጃቫ ደሴት ከቦሮቡዱር ብዙም ሳይርቅ ሙንቲላን የምትባል ከተማ አለች። ድንጋይ ጠራቢዎቿ መራፒ ከሚባለው እሳተ ገሞራ የተገኘውን ጥቁር ግራጫ ድንጋይ እየጠረቡ የቡድሃ ምስል ይሠራሉ። አካባቢው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። እንግዲህ በሙስሊም አገር የተጠረበ የቡድሂስት ምስል በክርስቲያን ጓሮ ይቆማል ማለት ነው። ገበያ እንዲህ ነው።

በባሊ ደሴት ባቱቡላን፣ በማያንማር የማንዳሌ እብነ በረድ ጠራቢዎች፣ በኔፓል የፓታን ነሐስ አቅላጮች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። የፓታኖቹ መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ሠርተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን በእሳት አቅልጠው ካወጡ በኋላ በቦታው ነሐስ ያፈሳሉ። እያንዳንዱ ምስል የራሱ ሰም ስላለው መንትያ የለውም። ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ወደ እኛ አገር ሊመጣ የሚችለው ግን በአብዛኛው ሬዚን የሚባለው ነው። የድንጋይ ዱቄት ከፈሳሽ ፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ በጎማ ቅርጽ ማውጫ ይፈስሳል፤ ሲደርቅ ቀለም ይቀባል። አንድ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ምስል ያወጣል። ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ ወይም ነሐስ ይመስላል፤ በጥፍር ሲቆረቆር ግን ድምፁ ራሱን ያጋልጣል። ሲወድቅ ይሰበራል። ክብደቱ ቀላል ሆኖ ቦታ ስለሚይዝ የመርከብ ኪራዩ የሚታሰበው በኪሎ ሳይሆን በሜትር ኩብ ነው። በዚህ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከዋጋው በፊት የካርቶኑን መጠንና የአስተሻሸጉን ዓይነት ይጠይቅ።

ጉምሩክን በተመለከተ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዓለም በሚጠቀምበት የሸቀጦች አመዳደብ ሥርዓት ውስጥ ሃይማኖት የሚባል መደብ የለም። ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ሐውልት በ3926.40፣ የሴራሚኩ በ6913፣ የእንጨቱ በ4420፣ ከተራ ብረታ ብረት የተሠራው በ8306 ይመደባል። ቡድሃም ይሁን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አንበሳም ይሁን ዝሆን፣ ጉምሩክ የሚያየው ከምን እንደተሠራ ነው። ዕድሜው ከ100 ዓመት የሚበልጥ ጥንታዊ ዕቃ ብቻ በ9706 ለብቻው ይቀመጣል። መንግሥት የማይለየውን ገዢው ይለየዋል። የነጋዴው ፈተና የሚጀምረውም ከጉምሩክ መጋዘን ከወጣ በኋላ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ነጋዴ 100 ምስል እያንዳንዱን በ1,000 ብር አስገብቶ በ1,250 ብር ሸጠ እንበል። ሁሉም ቢሸጥለት ትርፉ 25,000 ብር ነው። በአገልጋይ ምክር፣ በዘመድ ወቀሳ ወይም በጎረቤት ሐሜት 15ቱ ተመልሰው ገንዘቡን ቢከፍል ግን እጁ ላይ የሚቀረው ትርፍ 6,250 ብር ብቻ ነው። 15ቱ ምስል መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ያፈጥበታል። ኪራዩ፣ መብራቱና የሠራተኛው ደመወዝ ገና አልተነካም።

ባለቤቶቹ ምን ይላሉ?

በዚህ ንግድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ ሦስተኛ ወገን አለ። ምልክቱ የእምነቱ የሆነው ሰው ነው።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣችው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ መሠረት የቡድሃ ምስል ከአገር ለማውጣት የሥነ ጥበብ መምሪያዋን ፈቃድ ትጠይቃለች። በባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ ላይም ቡድሃ ለጌጥና ለንቅሳት እንደማይሆን የሚያሳስቡ ትልልቅ ማስታወቂያዎች ተተክለው ታይተዋል። ቡድሂስቶች ምስሉን መሬት ላይ፣ ጫማ አጠገብ፣ መታጠቢያ ቤት ወይም መጠጥ ቤት ውስጥ ማስቀመጥን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል።

ነገሩ ከቅሬታ አልፎ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። ቡድሃ ባር በጃካርታ ቅርንጫፍ ሲከፍት የኢንዶኔዥያ ቡድሂስቶች ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የከተማዋ ፍርድ ቤት እንዲዘጋ ወሰነ። በማያንማር ያንጎን ከተማ አንድ መጠጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ቡድሃን የጆሮ ማዳመጫ አድርጎለት ማስታወቂያ አወጣ። የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነው ሥራ አስኪያጅና ሁለት የአገሬው ሰዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባቸው። ሥራ አስኪያጁ የተፈታው እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በምሕረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ደግሞ የሂንዱ አማልክት ምስል የታተመባቸው የእግር መጥረጊያዎችና የመሳሰሉ ዕቃዎች በአማዞን ለሽያጭ በመቅረባቸው በህንድ ኩባንያውን ያለመግዛት ዘመቻ ተነሣ። ኩባንያውም ዕቃዎቹን ከገበያው አነሣ።

ከእነዚህ ታሪኮች ነጋዴ የሚማረው ግልጽ ነው። በአንዱ አገር ጌጥ የሆነው በሌላው አገር ክስ ይሆናል። ዕቃውን ለአንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ መሸጥና ለአንድ ሆቴል መጠጥ ቤት ማስዋቢያ ማቅረብም አንድ አይደሉም። ሆቴሉ ከታይላንድ፣ ከስሪላንካና ከህንድ የሚመጡ እንግዶችን ይቀበላል።

ክርስቲያኑስ ምን ይል?

ወደ ወጣቷ ገዢ እንመለስ። የንስሐ አባቷ ያሰቡት አዲስ ነገር አይደለም። የምልክት ንግድ ከክርስትና ጋር የተጋጨው ገና በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደተተረከው በኤፌሶን ከተማ ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የአርጤምስን ትንንሽ ቤተ መቅደስ ከብር እየሠራ ይሸጥ ነበር። ጳውሎስ ሲሰብክ ገበያው ተበላሸበት። የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ ነገሩን ሲያስረዳ መጀመሪያ ያነሣው ትርፋቸውን ነው፤ የአምላካቸው ክብር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው ታወከ። በመጨረሻ ሕዝቡን ያረጋጋው የከተማዋ ጸሐፊ ክስ ያለው ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ ብሎ በትኖታል።

ያው ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ገበያ ሌላ ምክር ሰጥቷል። የዚያን ጊዜ በሥጋ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ለጣዖት የተሠዋ ሊሆን ይችል ነበር። ክርስቲያኑ ይግዛ ወይስ አይግዛ? መልሱ በአጭሩ ይህ ነው። በገበያ የቀረበልህን ሳትመረምር ብላ፤ አንድ ሰው ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ከነገረህ ግን ስለ ነገረህ ሰው ሕሊና ስትል ተወው። ሥጋው ያው ሥጋ ነው። የለወጠው የተነገረው ቃል ነው።

አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ ተነሥተው በልዩ ልዩ መንገድ ይሄዳሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት በቤት የተለመደው ቅዱስ ሥዕል እንጂ ሐውልት አይደለም፤ ስለዚህ ማንኛውም ቆሞ የሚያይ ምስል ለምእመኑ ዓይን እንግዳ ነው። ብዙ የፕሮቴስታንት ምእመናን ጉዳዩን ከጣዖት ጋር አያይዘው አጥብቀው ይከለክላሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በሌሎች ሃይማኖቶች ያለውን እውነትና ቅድስና እንደማትንቅ ገልጻለች። ይህ ግን የሌላውን ምስል በቤትህ አስቀምጥ ማለት አይደለም።

ታሪክም መልኩ አንድ ብቻ አይደለም። በጃፓን ክርስትና እ.ኤ.አ. በ1614 ሲከለከል በድብቅ የቀሩት ክርስቲያኖች ከቻይና ደሁዋ የመጣችውን የነጭ ሸክላ ጉዋንዪን ቤታቸው አስቀምጠው በልባቸው ማርያምን ያዩባት ነበር። ወታደር ቢመጣ የሚያየው የቡድሂስት ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ከትውልድ በኋላ ትውልድ አልፎ በናጋሳኪ ለአንድ ፈረንሳዊ ካህን ራሳቸውን እስኪገልጡ ድረስ እምነታቸው በዚህ መልክ ቆየ። ክልከላው የተነሣው በ1873 ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሌላው ምልክት ጌጥ አልነበረም፤ መጠለያ ነበር።

በእኛም አገር ቡድሃ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም ብንል አንዳንድ አንባቢ ይደነግጥ ይሆናል። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት በራላም ወይዋሰፍ የሚባል መጽሐፍ አለ። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ስለመነነ የንጉሥ ልጅ ይተርካል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ሲመረምሩት ታሪኩ ከቡድሃ ሕይወት የተቀዳ ሆኖ ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲዞር የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ እንደሆነ አረጋገጡ። ይህ ሲሆን ግን ታሪኩ ተለውጦ፣ ተጠምቆ፣ ትርጉሙ ታውቆ ገባ። ሱቅ ውስጥ ያለው ራስ ግን ማንም ማንነቱን ሳይነግረን ነው የሚገባው።

መስቀላችን በሰው ሳሎን

ይህን ጉዳይ ከሌላው ወገን ሆነን የምናውቀው እኛ ራሳችን ነን። የኢትዮጵያ የእጅ መስቀል፣ የመጾር መስቀል፣ የብራና መጽሐፍና የአንገት ክታብ በውጭ አገር ሳሎኖች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ። ለባለቤቱ ጥሩ ጌጥ ናቸው፤ ለእኛ ግን የተሳለምነው ነው።

የሁላችንም ልብ የሚያስታውሰው የላሊበላው አፍሮ አይገባ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝነው ይህ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ወጣ። በቤልጅየም ለሚገኝ አንድ ሰብሳቢ በ25 ሺህ ዶላር እንደተሸጠ ተዘግቧል። እስከ 2001 ድረስ ለአንድ ሰው የስብስብ ዕቃ፣ ለአንድ ሕዝብ ደግሞ የሚለቀስለት ቅርስ ሆኖ ቆየ። ሲመለስ የሆነውን እልልታ ያየ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይረሳውም። ያን መስቀል ያሻገሩት እጆች የደላላና የነጋዴ እጆች ነበሩ። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የታይላንዱ ሕግም በመሠረቱ የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ አንዱን ሃይማኖት ከሌላው ማበላለጥ አይደለም። በመርካቶ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው፣ ነጋዴው የሁለቱንም ድምፅ እየሰማ ይነግዳል። በዚያ ገበያ ያደገ ሰው የሌላው ቅዱስ ነገር ሌላው ባይኖርም እንኳ በጥንቃቄ እንደሚያዝ ያውቃል። የጎደለው ዕውቀት እንጂ ጨዋነት አይደለም።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ሲገዛ ስሙን ይጠይቅ። አቅራቢው ማንነቱን የማይነግረውን ምስል በብዛት አያዝ።

ሁለተኛ፣ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ ብሎ ይጠይቅ። ጥንታዊ ነው እየተባለ በርካሽ የሚቀርብ ምስል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ትናንት በፋብሪካ የተሠራ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ ከመቅደስ የተሰረቀ ነው። በመጀመሪያው ገንዘቡን፣ በሁለተኛው ራሱን ያጣል። የተመረተበትን የሚያሳይ ደረሰኝ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ቅዱስ ምስል ያለበትን የእግር መጥረጊያ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃና የመጠጥ ብርጭቆ ጨርሶ አያስገባ። ዛሬ ባይከሰስ ነገ ፎቶግራፉ በስልክ ከከተማ ከተማ ይዞራል።

አራተኛ፣ የመመለሻ ደንቡን ጽፎ ባንኮኒው ላይ ይለጥፍ። በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ሁኔታ፣ በገንዘብ ነው ወይስ በዕቃ ልዋጭ የሚለው ከሽያጩ በፊት ይታወቅ። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ዓይነቱን ያመጣጥን። ፀጥታ የሚፈልግ ገዢ ፀጥታን ከአእዋፍ፣ ከአበባ፣ ከውኃ ፏፏቴ፣ ከአገራችን ሸማኔና እንጨት ጠራቢ ሥራም ያገኛል። እነዚህን የንስሐ አባት አይቷቸው አይመለሱም።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሻጭ ስለ ዕቃው ያለውን ብቻ ይናገር፤ የሌለውን አይጨምር። ወደ ምሳሌያችን ወጣት እንመለስና ዕቃውን ከቡፌው ያወረደው ምን እንደሆነ እንይ። ካህኑ ሲጠይቋት ከእስያ የመጣ ጌጥ ነው፣ የእነርሱ የሃይማኖት መሪ ምስል ነው ብላ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይመክሯት ነበር፤ ወደ ሌላ ክፍል ይዞርም ነበር፤ እሷም መጀመሪያውኑ አውቃ ትገዛ ወይም አውቃ ትተው ነበር። የመለሰችው ግን ሀብት ይጠራል የሚለውን ነው። ከዚያች ቃል በኋላ ዕቃው ጌጥ መሆኑ ቀረ። ሀብት እንዲጠራ የተቀመጠ ምስል በየትኛውም ሃይማኖት ቋንቋ ሌላ ስም አለው። ሬዚኑን ጣዖት ያደረገው የቻይናው ፋብሪካ አይደለም፤ ሽያጭ ለማሳመር የተጨመረችው የሻጩ ምላስ ናት።

ስለዚህ ኪሳራው የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የገበያ ገጻችን መልስ ይህ ነው፦ የተናጋሪው ነው። ገንዘቧን ይመልስላት። ለሚቀጥለው ደንበኛ ግን ምስሉ ማን እንደሆነ፣ በባለቤቶቹ ዘንድ የት እንደሚቀመጥና የት እንደማይቀመጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገር። ያንን ሰምቶ የገዛ ዕቃውን አይመልስም፤ ሰምቶ የተወም ሌላ ቀን ሌላ ዕቃ ሊገዛ ተመልሶ ይመጣል። አባቶች ከአፍ የወጣ አፋፍ ያሉት ለነጋዴም ጭምር ነው።